የአዲስ ዝርያ የመጀመሪያዋ እንስሳ ከማን ወለደች?

የማታ አንባቢዋ፦
ልጄ እራት ላይ አፋጠጠችኝ። "አዲስ ዝርያ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ብቻዋን ናት። ታዲያ ከማን ወለደች?" አለችኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝግመተ ለውጥን የተማርኩት ለፈተና ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ እሱም አብሮ አለፈ። እስከ ነገ ማታ የሚያድነኝ ሰው አለ?

ዝንብ ቆጣሪ፦
ልጅሽን ሳሚልኝ። ተንኮሉ ያለው ግን "የመጀመሪያዋ" የምትለው ቃል ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የምትባል የለችም። እናት ሁሌም መሰሏን ነው የምትወልደው። የሚለያየው መንጋው ነው፣ ያውም ቀስ እያለ።

ላብራቶሪ ውስጥ ሦስት ዓመት ዝንብ ስቆጥር ስለኖርኩ በዝንብ ላስረዳ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሆውቶርን በሚባል ቁጥቋጦ ፍሬ የምትኖር ዝንብ አለች። ወንድና ሴት የሚገናኙት ፍሬው ላይ ነው፤ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። አውሮፓውያን አፕል ይዘው መጡ። በ1800ዎቹ አጋማሽ አንዳንዶቹ ዝንቦች ወደ አፕሉ ተሻገሩ። አፕል ደግሞ ሦስት አራት ሳምንት ቀድሞ ይበስላል። የዝንብ ዕድሜ አጭር ነው። የአፕሏ ዝንብ ወጥታ ባል ስትፈልግ፣ የሆውቶርኖቹ ብዙዎቹ ገና አፈር ውስጥ ተኝተዋል። ባሕርም ተራራም አልለያቸውም፤ ቀጠሮ አለመገጣጠም ነው የለያቸው! ዛሬም ትንሽ ትንሽ ይዳቀላሉ። ስለዚህ "መንገድ ላይ ናቸው" ብትያት ይበቃል።

ቅጠል ወዳጅ፦
ዝንብ ቆጣሪ፣ ዕፅዋትን ረሳሃቸው። እዚህ ቤት "የመጀመሪያዋ" አለች። ትራጎፖጎን የሚባል አበባ አለ (በግሪክኛ የፍየል ጺም ማለት ነው፣ ዘሩን ብታዩት ይገባችኋል)። ከአውሮፓ አሜሪካ የገቡት ዝርያዎች እርስ በርስ ተዳቀሉ። እያንዳንዱ 12 ክሮሞዞም (ውርስ የሚሸከሙ የሕዋስ ክሮች) አለው፤ ዲቃላውም ከየወላጁ ግማሽ ግማሹን ወርሶ 12 ይኖረዋል። ዲቃላው መሃን ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ከሁለት ዝርያ የመጡት ክሮሞዞሞች በደንብ የሚገጥም ጥንድ አላገኙማ። ከዚያ ቁጥሩ በስህተት እጥፍ ሆነና 24 ገባ። አሁን ሁሉም ጥንድ አለው። ከወላጆቹ ጋር ግን በቀላሉ አይዋለድም። በ1950 ሁለት አዳዲስ ዝርያዎች ተብለው ተመዘገቡ። ከማን ወለደች? ከራሷ። አበባ እኮ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ቤት ይይዛል።

የማታ አንባቢዋ፦
ከራሷ ስላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ 😅 ወፍ ወይም ሌላ ዓይን ያለው ነገር የለም?

ዝንብ ቆጣሪ፦
አለ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ፣ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ትንሽ ደሴት። ባልና ሚስት ተመራማሪዎቹ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ወፎቹን አንድ በአንድ ቀለበት እያሰሩ ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በ1981 አንድ እንግዳ ወንድ ፊንች (ፍሬ የሚለቅም ትንሽ ወፍ) መጣ። ገዘፍ ያለ፣ ዜማውም ሌላ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለች ደሴት እንደመጣ ኋላ ላይ በዘረመል ታወቀ። መመለስ የለም፣ መሰሉም የለም። ከደሴቲቱ ሌላ ዝርያ ሴት ጋር ተጣመረ። ወንዶች ልጆቹ የአባታቸውን ዜማ ተማሩ። የደሴቲቱ ሴቶች ዜማውንም የመንቁሩንም ልክ አልወደዱትም። ስለዚህ ዘሮቹ እርስ በርስ መጋባት ጀመሩ። አንዴማ ድርቅ ጨርሷቸው ወንድምና እህት ብቻ ቀሩ፤ ከሁለቱ እንደገና በዙ።

ዝርያ ነው አይደለም የሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ይከራከራሉ። ለእኔ ግን የልጅሽን ጥያቄ ፊት ለፊት የሚመልስ ከዚህ የተሻለ ታሪክ የለም። የመጀመሪያው ብቻውን ነበር፤ የወለደውም ከሌላ ዝርያ ነው።

የማታ አንባቢዋ፦
ነገርኳት። ዝም ብላ አስባ "ዜማውን ባይማሩ ኖሮስ?" አለች። ዝንብ ቆጣሪ፣ ነገም እራት አለ።