ቻይና ውስጥ ከተማ የሚገባው ሰው በዘመድ ነው?

የማርቆሱ፦ እኛ ዘንድ ልጅ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ሲወርድ ቀድሞ የሄደ ዘመድ ወይ የአገር ልጅ ይፈልጋል። ቻይናዎቹስ? መንግሥት ነው የሚመድባቸው?

ዳንግላ፦ ኧረ በዘመድ ነው! ቤጂንግ ውስጥ "የዠጂያንግ መንደር" የሚባል ሰፈር ነበር። ከ1980ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው የዌንዡ ከተማ አካባቢ ሰዎች ወንድም ወንድሙን፣ አጎት የእህቱን ልጅ እየሳበ መጥተው ልብስ እየሰፉ ሲሸጡ ኖሩ። ማደሪያው ከዘመድ፣ ብድሩ ከዘመድ፣ ሥራውም ከዘመድ። በ1995 መንግሥት አፈረሰባቸው፣ ብዙዎቹ ግን ተመልሰው መጡ።

ቡሬ ነኝ፦ ልክ ነህ፣ ግን ሁኮውን ረሳኸው። በ1958 ሕግ የጸናው፣ ሰውን ከቀዬው ጋር የሚያስር የቤተሰብ ምዝገባ ነው። የገጠር ሁኮው የያዘ ሰው ከተማ ቢሠራም ልጁን እዚያ ማስተማር ፈተና ነው። ስለዚህ ስንቱ ልጁን ለአያት ትቶ ይሄዳል፣ የሚያየውም በአመት በዓል ነው። በ2020 ቆጠራ እንዲህ ከተመዘገበበት ርቆ የሚኖረው 376 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የእኛን አገር ሕዝብ ሦስት እጥፍ በለው!

የማርቆሱ፦ አያት ሲታመሙስ ማን ይመለሳል?

ቡሬ ነኝ፦ ብዙ ጊዜ ሚስትየዋ። ባል እዚያው ሆኖ ብር ይልካል።