«ትሪሎባይት» ውስጥ ያለው ሦስት የምን ሦስት ነው?

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ጥንት የባሕር እንስሳት የሚያወሳ የልጆች መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሦስት ቃላት አላሳልፍ ብለውኛል፦ አርትሮፖድ፣ ትሪሎባይት እና አኖማሎካሪስ። የመጀመሪያውን «ባለ ብዙ እግር» አልኩት። ሁለተኛውን «ባለ ሦስት አካል»፣ ማለትም ራስ፣ ደረትና ጅራት ያለው። ሦስተኛውን «እንግዳ ሽሪምፕ»። ሦስቱንም ጽፌ ሳበቃ ልቤ አልረጋም። ምን ትላላችሁ?

አንድ አባል፦

«ባለ ሦስት አካል» ጥሩ ነው እህቴ። ነፍሳትን «ሦስት አፅቄ» እንላቸው የለ? ዐፅቅ በግዕዝ ቅርንጫፍ ነው፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ ብለን እንቆጥራለን። ትሪሎባይትንም በዚያው መንገድ መውሰድ ነው።

ሌላ አባል፦

እህቴ፣ ልብሽ ያልረጋው በምክንያት ነው። የወንድማችን ንጽጽር ለነፍሳቱ ትክክል ነው፤ ትሪሎባይት ላይ ሲደርስ ግን ቆጠራው አቅጣጫውን ይስታል።

መጀመሪያ አርትሮፖድን እንይ። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አርትሮን መገጣጠሚያ፣ ፑስ እግር። ስለ እግሩ ብዛት አንዳች የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው። ጊንጡም፣ ሸርጣኑም፣ አንበጣውም አጥንት የላቸውም፤ ውጪያቸው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ቅርፊት ደግሞ አይታጠፍም። ስለዚህ እግራቸው ከብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው፤ የሚታጠፈውም በግጥሚያው ላይ ነው። ለዚህ አማርኛ ቃል መፈልሰፍ አያሻውም፤ «አንጓ» አለን። የእጅ አንጓ ስንል እጅ የሚታጠፍበትን ማለታችን ነው። ልጅ ሸንኮራ ተይዞለት ሲመጣ «አንድ አንጓ ስጡኝ» ሲል ደግሞ በሁለት ቋጠሮ መካከል ያለውን ቁራጭ ነው የሚለምነው። አንዱ ቃል መታጠፊያውንም ቁራጩንም ይዞታል። «ባለ አንጓ እግር» በይው። አንዳንዶች «ጋጥመ ብዙ» ሲሉ አይቻለሁ፤ ያስኬዳል፣ ለልጅ ጆሮ ግን አንጓ ይቀርባል፤ ሸንኮራ ያልበላ ልጅ የት አለ?

ወደ ትሪሎባይት ስመጣ፣ የምጽፈው ድንጋዩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው። ኤልራቲያ ኪንጊ ይባላል፤ በአሜሪካ ዩታ ግዛት በብዛት ከሚገኘው ዓይነት ነው፤ ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ። ጥቁር ነው፤ ከካፖርት ቁልፍ አይበልጥም። ጥፍሬን ከራሱ አስነሥቼ ወደ ጅራቱ ስስበው ጎድጎድ ያለ መስመር ውስጥ ይገባና ሳይወጣ እስከ ታች ይወርዳል። በሌላው ወገንም እንዲሁ ያለ መስመር አለ። ሁለቱ መስመሮች ጀርባውን ቁልቁል ለሦስት ይከፍሉታል፦ መሐሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ። ጀርመናዊው ቫልክ እ.ኤ.አ. በ1771 ስሙን ሲያወጣለት የቆጠረው እነዚህን ሦስቱን ነው። ራስ፣ ደረትና ጅራትማ አለው፤ ያ ግን አግድም የሚቆጠር ሌላ ሦስት ነው። በእንግሊዝኛም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? ገበሬ በሬውን ጠምዶ የሚያወጣው መስመር ትልም ነው። በሁለት ትልም መካከል ከፍ ብሎ የሚቀረው መደብ ነው። የትሪሎባይት ጀርባ ሁለት ትልም፣ ሦስት መደብ ነው። ስሙን «ትሪሎባይት» ብለሽ እንዳለ ተይው፤ ማብራሪያውን ግን በእነዚህ ቃላት ስጪው።

የዩታ ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። በዚያ አገር የፓህቫንት ዩት ሕዝብ ይህንኑ ድንጋይ እንደ ክታብ በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር፤ የሰጡት ስም ሲፈታ «በድንጋይ ቤት የሚኖር ትንሽ የውኃ ነፍሳት» ማለት ነው። የውኃ እንስሳ መሆኑን ከበረሃ ላይ ሆነው ለይተውታል። ከሳይንሱ ስም ይልቅ ይህኛው እንስሳውን ያሳየኛል።

አኖማሎካሪስ ላይ «እንግዳ ሽሪምፕ» ማለትሽ የቃሉን ፍቺ አልሳተም። ችግሩ ስሙ ራሱ በስሕተት የወጣ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ዋይቲቭስ የተባለ የቅሪተ አካል አጥኚ በካናዳ ከስቲቨን ተራራ የተገኘ፣ ባለ አንጓ፣ ቆልመም ያለ ነገር አየ። የሽሪምፕ ገላ መሰለው፤ ሆኖም እንደለመደው ሽሪምፕ አልሆነለትም፤ «ከወትሮው የተለየ ሽሪምፕ» አለው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዋልኮት በዚያው አካባቢ ካለው የበርጀስ ሼል ድንጋይ ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነ፣ የአናናስ ቁራጭ የሚመስል ነገር አወጣና ጄሊፊሽ ነው ብሎ ፔይቶያ አለው። ዊቲንግተንና ብሪግስ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳዩት ግን «ሽሪምፑ» የፊት ክንድ፣ «ጄሊፊሹ» ደግሞ አፍ ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ገላ ላይ ተያይዘው ተገኙ። እንዲህ ያሉት እንስሳት በዘመናቸው ከነበሩት ትልልቆቹ የባሕር አዳኞች ናቸው።

እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። በሥነ ሕይወት ሕግ ግን ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል፤ ስሕተት ቢሆንም ከእንስሳው ጋር ይኖራል። ስለዚህ «እንግዳ ሽሪምፕ» ብለሽ ከሥዕሉ ሥር ከጻፍሽ ልጁ ሽሪምፕ ነው ብሎ ይይዛል። አኖማሎካሪስ ብለሽ ጻፊና ታሪኩን ንገሪው፤ ልጆች እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳሉ።

ስለ «ቅሪተ አካል»ም ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እኛ ቃሉን የለመድነው ከድንቅነሽ ጋር ስለሆነ አጥንት ብቻ ይመስለናል። ትሪሎባይት ግን እያደገ በሄደ ቁጥር ቅርፊቱን እየጣለ አዲስ ያወጣ ነበር፤ እባብ ቆዳውን ጥሎ እንደሚሄደው ማለት ነው። ከተገኙት ብዙዎቹ እንስሳው በሕይወት ሳለ ጥሏቸው የሄደ ቅርፊቶች ናቸው። ቅሪት ከ«ቀረ» የመጣ ነውና ቃሉ ይህንንም ይሸከማል።

የመጀመሪያው አባል፦

ተቀብያለሁ፤ ቆጠራዬ አግድም ነበር። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኛ ዘንድ መደብ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ከጭቃ የተሠራው፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ነው። ልጆቹ እሱን እንዳያስቡ።

ሌላው አባል፦

ቢያስቡም አይጎዳም ወንድሜ። እሱም ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ረጅም ሆኖ የተዘረጋ ነው፤ ቅርጹ ያው ነው። ትልም ከጎኑ ካለ ደግሞ የእርሻው መሆኑን ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ገጹን አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ትሪሎባይት ባለ አንጓ እግር የባሕር እንስሳ ነበር። ጀርባውን እይ፤ ሁለት ትልም ወርዶበታል። መደቦቹን ቁጠር፤ ስንት ናቸው?» ሦስት የሚለውን አልጻፍኩትም፤ ልጁ በጣቱ ይቁጠረው ብዬ ነው።