ቅጽ 2555 ወይስ ቅጽ 1116?

ጥያቄ፦
በቅድሚያ፣ የሁለት አገር ግብር ጣጣን ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በነፃ ለምታስረዱን ባለሙያዎች እግዜር ይስጥልን። ውጭ አገር ተቀጥሮ የሚሠራ አሜሪካዊ ዜጋ ደመወዙ ላይ እዚያው 30 በመቶ ግብር ከተቆረጠበት፣ ለአሜሪካ ግብር ሲያሳውቅ ከቅጽ 2555 እና ከቅጽ 1116 የትኛው ያዋጣዋል?

መልስ፦
በዚህ መጠን ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ 1116። 2555 ደመወዙን ከስሌቱ ያወጣዋል እንጂ ለተከፈለው ግብር ዋጋ አይሰጥም፤ ወለድና ኪራይንም አይነካም። 1116 ግን እዚያ የተከፈለውን ከአሜሪካው ግብር ላይ ይቀንሳል። ከአሜሪካው ግብር በልጦ የተረፈው 1 ዓመት ወደ ኋላ፣ 10 ዓመት ወደ ፊት ይሻገራል። ደግሞ 2555 የሞላ ወላጅ ተመላሽ የሚሆነውን የልጅ ታክስ ክሬዲት (ግብር ባይኖርበትም በገንዘብ የሚከፈለውን የልጅ ቅናሽ) ያጣል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ መልስ፦
ልክ ነው። ግን ቀድሞ 2555 ይጠቀም የነበረ ሰው ምርጫውን ከሰረዘ፣ ያለ አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ለ5 ዓመት አይመለስበትም። ስለዚህ ሁለቱንም አስልቶ ማወዳደር ነው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ውጭ አገር ያለው የባንክ ሂሳቡስ ከግብር ቅጹ ጋር አብሮ ይገባል?

መልስ፦
አይ፣ እሱ ኤፍባር (የውጭ አገር ባንክ ሂሳብ ማሳወቂያ) ነው፤ ለብቻው በኢንተርኔት ለፊንሰን (የአሜሪካ ግምጃ ቤት የገንዘብ ወንጀል ተከታታይ ክፍል) ይላካል። የውጭ አገር ሂሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ግዴታ ነው። «እያንዳንዱ ሂሳቤ 4,000 ብቻ ነው» ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው፤ ሦስት ሂሳብ ካለ 12,000 ሆነ ማለት ነው። ምንዛሪው በአሜሪካ ግምጃ ቤት የዲሴምበር 31 ተመን ይሰላል።