«ማስታወስ ይጨምራል» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይታገዱ?

አወያይ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ቴሌግራምና ቲክቶክ «አእምሮ የሚከፍት» እንክብል ይሞላባቸዋል። ለልጅ ለፈተናው፣ ለአባት ለመርሳቱ እየተባለ ብልቃጥ ይታዘዛል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሻጩ በጥናት ካልተረጋገጠለት «ማስታወስ ይጨምራል» ብሎ እንዳያስተዋውቅ ይከልከል? ወይስ ገዢው ራሱ ይወስን? ስድብ የለም። የምትሸጡ ካላችሁ ሻጭ መሆናችሁን ተናገሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ አይከልከል ባይ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያየች እናት ምን ታድርግ? ለልጄ የዓሣ ዘይት ገዛሁላት። «እማ፣ አሁን ይገባኛል» ትላለች። ለአስጠኚ ከከፈልኩት አይበልጥም። ባይጠቅምም አይጎዳም።

ፋርማሲስቷ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን፣ ጊንኮ ከሚባል ዛፍ ቅጠል የሚሠራውን እንክብል ለምሳሌ ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጊንኮ ወሰዱ። ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ። ስድስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ጊንኮው ማንንም ከመርሳት በሽታ አላዳነም። ጉዳቱስ? እንደ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ያለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጊንኮ ሲጨምርበት የመድማት ስጋቱ ሊጨምር ይችላል። ይህን ማስታወቂያው ላይ የጻፈ ሻጭ እስካሁን አላየሁም።

የዓሣ ዘይቱም ቢሆን የዓይን ችግር ባለባቸው ወደ 4,000 በሚጠጉ አዛውንቶች ላይ ለአምስት ዓመት ታይቷል። የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸው ላይ ለውጥ አላመጣም። ዓሣውን መብላት ሌላ ጉዳይ ነው። ዓሣ ያገኘ ይብላ።

ሻጭ ነኝ፦ ተናገሩ ስለተባለ ተናግሬያለሁ። እህት ፋርማሲስት፣ የምትጠቅሺው ሁሉ አዛውንት ነው። የኔ ደንበኞች ተማሪዎች ናቸው። ደግሞ ሁሉም ከሸፈ አይባልም። መልቲቫይታሚን አዛውንቶች ላይ ትንሽ ለውጥ እንዳሳየ እኔም አንብቤያለሁ። አሜሪካ እንኳ ያልከለከለችውን እኛ ምን ቤት ነን? የኔ ማስረጃ ደንበኛዬ ነው፤ አንዴ የገዛ ተመልሶ ይመጣል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ አሜሪካን ካነሳህ እኔ ልንገርህ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ አለ። ሰፕሊመንት፣ ማለትም እንዲህ ያለውን የምግብ ማሟያ እንክብል፣ የሚያመርት ኩባንያ ዕቃው እንደሚሠራ ከመሸጡ በፊት ለመንግሥት ማሳየት አይጠበቅበትም። በሽታ ይፈውሳል ብሎ መጻፍ ግን አይችልም። ለዚህ ነው ብልቃጡ ላይ «ማስታወስን ይደግፋል» የሚል ለስላሳ ቃል የምታየው።

ፕሪቫጀን የሚባለውን ስማ። ጄሊፊሽ ከሚባል የባሕር እንስሳ የተገኘ ፕሮቲን አለበት። ማስታወቂያው ከቲቪ አይጠፋም ነበር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከሰሱት። ኩባንያው ራሱ 218 ሰው ላይ ያስጠናው ጥናት በጥቅሉ ሲታይ ከባዶ ኪኒን ልዩነት አልነበረውም። ፍርድ ቤቱ «ማስታወስ ያሻሽላል» እንዳይል ያገደው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ገበያው ደርቶ ነበር። ስለዚህ አሜሪካም ትከለክላለች፤ ሰው ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ። እኛም እዚህ ያለነው አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ውስጥ ከጫማና ከሽቶ ቀጥሎ የማይቀረው ይኸው ብልቃጥ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ አገራችንም ሕግ አላት እኮ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል። አዲስ ክልከላ ለምን? ያለውን ማስፈጸም አይሻልም?

ሻጭ ነኝ፦ ቴሌግራም ላይ? ይቅናህ 😄

ጾመኛ፦ እኔ ሁለታችሁም ጋ አይደለሁም። እንክብሉ ራሱ ለምን አስፈለገ? ተልባ አለን። ኦሜጋ 3 የሚባለው ቅባት የሞላው ነው። ጥቁር አዝሙድ አለን፣ ማር አለን፣ ቡናውም የኛው ነው። አያቶቻችን ዳዊት በቃላቸው ሲደግሙ ማን ብልቃጥ ሰጣቸው?

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፦ አያቶቻችንን ካነሳችሁ አብሾንም አንሱ እንጂ! ቅኔ ቤት ሳለን ስሙ ይፈራል፣ ደግሞም ይናፈቃል። ጠጥቶ የተሳካለት «አእምሮው ተከፈተ» ይባልለታል። ያልተሳካለት ለይቶለት ሲቀር ነው የሚታየው። ከሚገባበት ቅጠል አንዱ አስተናግር ነው ይባላል። እፀ ፋሪስ የሚሉትም አለ። ስለዚህ «አእምሮ ይከፍታል» የሚል ሻጭ ቴሌግራም የፈጠረው አይደለም፤ ዱሮም ነበረ።

የኔታ ግን አብሾ አላጠጡንም። ማታ በቃል ያስቀጸሉንን ጠዋት ሳናይ ያስብሉናል። ሲሰነባብት ደግሞ ረሳነው ብለን ወደተውነው ቀለም መልሰው ይጠይቁናል። የተሳሳተ እንደገና ይቀጽላል። ያን ሁሉ ዜማና ቅኔ የያዘው ልጅ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ነው። ዓሣ አላየም፤ ጊንኮ ሰምቶ አያውቅም። በረሃብ መማር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ጎበዝ ጓደኛ በረሃብና በበሽታ ትምህርቱን ጥሎ ሄዷል።

ፋርማሲስቷ፦ አባቴ፣ አስተናግርን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ውስጡ ስኮፖላሚንና አትሮፒን አለ። ተመራማሪዎች በሙከራ ላይ ሰው ለጊዜው እንዲረሳ ማድረግ ሲፈልጉ የሚሰጡት ስኮፖላሚንን ነው! ቅጠሉን ለማስታወስ ብሎ የሚጠጣ ሰው የሚያስረሳ ነገር እየጠጣ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ይገድላል። ማንም እንዳይሞክረው።

ጾመኛ ወንድሜ፣ ተልባህን ጠጣ። ለሆድም ለልብም ጥሩ ነው። ነገር ግን የተልባው ኦሜጋ 3 የዓሣው ዓይነት አይደለም። አእምሮ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዲኤችኤ የሚባለው ሲሆን፣ ሰውነታችን ከተልባው ወደዚያ የሚቀይረው በጣም ጥቂቱን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቢ12 ነው። እዚህ ክርክር ውስጥ እስካሁን ማንም አላነሳውም። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ከእህልና ከጎመን አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ሁዳዴ መጾም ብቻውን አያጎድለውም። በሌላውም ጊዜ ሥጋና ወተት የማይቀምስ ሰው ግን አለ፤ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ ብዙው በማጣት። እዚያ ላይ ዕድሜ ሲጨመር፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሲደረብ ክምችቱ ያልቃል። ያኔ ሰውየው መርሳት ይጀምራል፣ ይደናገራል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ቤተሰቡ «አረጀ» ብሎ ይተወዋል። በደም ምርመራ የሚታወቅ ነገር ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። ለዚህ ሰው ቫይታሚኑ መድኃኒቱ ነው። ያልጎደለበት ሰው ግን ተጨማሪ ቢ12 ስለወሰደ አእምሮው አይሰላም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ታዲያ ለልጄ ምን ላድርግ? ሁሉንም አትውሰዱ ብቻ ነው የምትሉት።

ፋርማሲስቷ፦ ቶሎ ቶሎ የሚደክማት፣ የሚያዞራት፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ከሆነ የደም ማነስ ይታይላት። ብረት ያነሳት ልጅ ትኩረቷ ይበታተናል። ቁርስ ሳትበላ አትውጣ። ሌሊቱን ቁጭ ብላ አታንጋ፤ ያጠናችው ነገር የሚረጋው ስትተኛ ነው። የኔታ ያደርጉት የነበረውን ደግሞ አትናቂው። መጽሐፉን ዘግታ ራሷን ትጠይቅ። ነገ ትድገመው፣ ከሳምንት በኋላም ትመለስበት። ይህ ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የሠራ የአጠናን ዘዴ ነው።

ነፍሰ ጡር ያላችሁ ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ። አእምሮ ሲሠራ አዮዲን ካጣ ጉዳቱ በኋላ አይመለስም። ጨውን አዮዲን ማድረግን አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ አስገዳጅ ያደረገችው ለዚህ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ላይ መጨረሻ ጨምሩት።

ሻጭ ነኝ፦ ቆይ፣ ምግብ ምግብ ትላላችሁ። ምግብስ ተረጋግጧል? ማይንድ የሚባለው አመጋገብ፣ ቅጠላ ቅጠልና ቤሪ የሚያበዛው፣ አሜሪካ ውስጥ 604 ሰው ላይ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ከሌላው ቡድን ልዩነት አልታየም። ያንን ማን ከሰሰ?

ፋርማሲስቷ፦ ትክክል ነህ። እኔም ስለ ጎመን ተአምር አላወራሁም። ያኛውም ቡድን ምግቡን ቀንሶ ነበር፤ ሁለቱም ትንሽ ተሻሻሉ። ጎመኑ ግን ባይሠራ እንኳ እራት ሆኗል። ያንተ ብልቃጥ ምን ሆነ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለአባቶቻችን ከሆነ ግፊትና ስኳር ይለካላቸው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነሱን ማስወገድ ቢቻል ከመርሳት በሽታ 45 በመቶው ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ይላል። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ የመስማት ችግር፣ ብቸኝነት ሁሉ አሉበት። የሰፕሊመንት እጥረት የሚል የለም። ብልቃጥ ከምትልኩ የግፊት መለኪያ ላኩ።

አወያይ፦ ሻጭ ወንድማችን፣ የመጨረሻ ቃል አለህ?

ሻጭ ነኝ፦ እሺ፣ «ማስታወስ ይጨምራል» የሚለውን ላጥፋ። «መልቲቫይታሚን» ብቻ ብዬ ልለጥፍ። ይህም ይከለከላል?

ፋርማሲስቷ፦ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ ከሆነና ጊዜው ካላለፈ ማን ይከለክልሃል? ዋጋውንም ግን እንደ መልቲቫይታሚን አድርገው።

ሻጭ ነኝ፦ እሱ ሌላ ክርክር ይከፈትበት።