እማዬን ይዤ ሮም ልሄድ ነው፣ የትኛውን ኢንሹራንስ ልያዝ?

የሰኞ ገበያዋ
ሰላም የወሎ ልጆች እንዴት ናችሁ። ነሐሴ ላይ እኔና እማዬ እህቴ ጋ ሮም ለሶስት ሳምንት እረፍት ልንሄድ ነው ኢንሻአላህ፣ ለቪዛው የጉዞ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ተባልን፣ አንድ ኤጀንት "ለቪዛ ብቻ ስለሆነ ርካሹን ልቁረጥልሽ አትጨናነቂ" አለኝ። እማዬ 67 አመቷ ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ርካሹ ይበቃል? ወረቀቱ እንግሊዝኛ ሆኖ ስምንት ገፅ ነው፣ ግማሹ አልገባኝም።

ገራዶ
አብሽሪ እህቴ። ለሸንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ ነው) የሚጠይቁት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ሁሉም የሸንገን አገር ላይ የሚሰራ፣ ድንገተኛ ህክምናና ሆስፒታል መተኛት ያለበት፣ አያድርገውና አስከሬን መመለስንም የጨመረ ነው፣ ቀኑም ከምትገቡበት እስከምትወጡበት አንድ ቀን ሳይጎድል። ይሄንን ርካሹም ያሟላ ይሆናል። ግን ኤምባሲው የሚያየው ይቺን ነው፣ እናትሽ ሆስፒታል የገባች ቀን ግን ስምንቱም ገፅ ነው የሚነበበው።

እኔ አባቴን ይዤ ኢስታንቡል ሄጄ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሳተ፣ ሁለት ቀን ተኛ፣ ኢንሹራንስ አለን ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስደውል "ከጉዞው በፊት የነበረ በሽታ አንሸፍንም" አሉኝ፣ ሂሳቡን ከዘመድ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። የኩባንያውን ስም አልጠራም፣ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ "ፕሪ ኤግዚስቲንግ" የሚለውን ቃል ፈልጊ። አንዳንዱ ጭራሽ አይነካውም፣ አንዳንዱ ድንገት ሲብስ ብቻ እስከ ሆነ ብር ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ተጨማሪ አረቦን ከፍለሽ ያስገባልሻል። አንቺ የምትፈልጊው የመጨረሻውን ነው፣ ካጣሽ ሁለተኛውን። እድሜም ጠይቂ፣ ከ65 በላይ ሲሆን ዋጋ የሚጨምር አለ። ደግሞ ፎርሙ ላይ ስኳሯን እንዳትደብቂ! ኋላ ከታወቀ ላለመክፈል ጥሩ ሰበብ ይሆናቸዋል።

አቦ ተወው
እኔ እንደሆንኩ ብር ማባከን ነው ባይ ነኝ፣ ሰደቃ አውጡና በዱአ ሂዱ 😄

ገራዶ
ዱአውንም ያድርጉ፣ የጣሊያን ሆስፒታል ሂሳብ ሲመጣ ግን አንተን ነው የምንልክለት።

ቦርከና
ከኮምቦልቻ ነኝ። ገራዶ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ መንገዱ ልጨምር። አዲስ አበባ በመኪና ወርደሽ ለመብረር ካሰብሽ መንገድ ተዘግቶ በረራ ቢያመልጥሽ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል ብለሽ እንዳታስቢ፣ ብዙ የኢንሹራንስ ውል ላይ ጦርነትና ሁከት ከሽፋን ውጪ ነው፣ የኛ መንገድ የሚዘጋው ደግሞ በምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ወይ ሁለት ቀን ቀድመሽ ግቢ ወይ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ጀምሮ እስከ ሮም በአንድ ትኬት ቁረጪ፣ ያኔ ከኮምቦልቻ የሚነሳው ዘግይቶ የሮሙ ቢያመልጣችሁ በሌላ በረራ ማሳፈሩ የአየር መንገዱ ጣጣ ይሆናል።

ለሻንጣ ብለሽ ብዙ አትጨምሪ። የተጫነ ሻንጣ ከጠፋ አየር መንገዱ ራሱ በሞንትሪያል ስምምነት (ስለ አየር መንገዶች ተጠያቂነት አገሮች የተስማሙበት ውል ነው) ይጠየቃል፣ ብቻ ከኤርፖርቱ ሳትወጪ ሪፖርት አስሞሊ፣ የተበላሸ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ፣ የዘገየ ከሆነ በ21 ቀን ውስጥ በፅሁፍ አመልክቺ። ኢንሱሊኑ ግን ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ታች ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ስልኩ ነው። ወረቀቱ ላይ 24 ሰዓት የሚደወልበት ቁጥር አለ፣ መጀመሪያ ሳይደወልላቸው የታከምሽበትን አንከፍልም የሚሉ አሉ። እህትሽም ትያዘው፣ የእናትሽም ቦርሳ ውስጥ ይኑር። "ኤክሰስ" የሚለውንም እይ፣ ከሂሳቡ ላይ መጀመሪያ አንቺ የምትችይው ብር ማለት ነው፣ ርካሹ ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ነው ተደብቆ የሚያድገው።

የሰኞ ገበያዋ
አላህ ይስጣችሁ! ዛሬ ኤጀንቱ ጋ ሄጄ "ስኳር ይሸፍናል?" ስለው "እሱንማ ኩባንያውን ልጠይቅልሽ" አለኝ፣ ለቪዛ ብቻ ነው ሲል የነበረው ሰውዬ። እስኪጠይቅ ሌሎች ሁለት ቦታም ልሞክር ነው፣ መልሱን በፅሁፍ ስጡኝ ብያለሁ። ቪዛው ቢከለከል ብሩ ይመለሳል ወይ ብዬም ጠየቅኩ፣ የክልከላውን ደብዳቤ ካመጣሽ የአገልግሎት ተቆርጦ ይመለሳል አለኝ።

አንድ ነገር ቀረ። እማዬ ለእህቴ አምስት ኪሎ ቂቤ አንጥራ ጨርሳለች፣ ኤርፖርት ቢወሰድባት ኢንሹራንሱ ይከፍላል? 😂

ቦርከና
ከውጭ ተጓዥ ይዞት የሚመጣ ስጋና የወተት ተዋፅኦ የአውሮፓ ህብረት አያስገባም፣ ቂቤ እዚያ ውስጥ ነው። የተወረሰ እቃ ደግሞ ኢንሹራንስ አይነካውም። በርበሬና ሽሮ ታስይዝልሽ፣ ቂቤውን ወደኛ ላኪው 😄

የሰኞ ገበያዋ
እሱን ለእማዬ ማን ይነግራታል እንግዲህ።