የትሩፎ ፊልም ርዕስ፦ «አራት መቶ ምት» ወይስ «የማይሠራው ጉድ የለም»?

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ትሩፎ በ1959 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያወጣውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን አየሁት። የእንግሊዝኛው ርዕስ «አራት መቶዎቹ ምቶች» እንደማለት ነው። ልጁ ጥፊ መቅመሱ አልቀረም፤ ግን ፊልሙ የድብደባ ታሪክ አይደለም። ፈረንሳይኛው በትክክል ምን ይላል? በአማርኛስ ምን ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ አባባሉ ድብደባ የለበትም። ፈረንሳዮች አንድ ልጅ «ፌር ሌ ካትር ሳን ኩ» (ቃል በቃል «አራት መቶዎቹን ኩ ማድረግ») አደረገ ሲሉ፣ መረን ለቀቀ፣ ሰፈሩን አስቸገረ ማለታቸው ነው። «ኩ» ምትም ተኩስም ነው፤ ተንኮልም ነው። አባባሉን በ1621 ንጉሥ ሉዊ 13ኛ የሞንቶባንን ከተማ ከቦ ካስተኮሰው 400 መድፍ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ዛሬ ግን መድፉን የሚያስብ የለም።

እኛም «ጉድ ሠራኝ» እንላለን አይደል? የፈረንሳይኛው «ኩ» እዚህ ላይ ቁርጥ የኛው «ጉድ» ነው። ስለዚህ «የማይሠራው ጉድ የለም» ብንለው እወዳለሁ። «አራት መቶ ምት» ካልን አንባቢው አርባ ጅራፍ ነው ትዝ የሚለው።

ደግሞ ርዕሱ የትሩፎ የራሱ ልጅነት ነው። በ1932 ፓሪስ ተወለደ። «ትሩፎ» የሚለውን ስም የሰጠው የእናቱ ባል እንጂ ወላጅ አባቱ አይደለም። ከትምህርት ቤት እየፎረፈ ሲኒማ ቤት ይውል ነበር። ከእንጀራ አባቱ መሥሪያ ቤት ታይፕ ሰርቋል። የፊልም ክበብ ከፍቶ ዕዳ ውስጥ ሲዘፈቅ፣ እንጀራ አባቱ ራሱ ለፖሊስ አስረከበው። ፊልሙ ውስጥ ልጁ አንቷን ዷኔል የሰረቀውን ታይፕ መሸጥ ያቅተዋል። የሚያዘው ሊመልሰው ሲገባ ነው! የቀረበትን ምክንያት መምህሩ ሲያፋጥጠውም «እናቴ ሞታለች» ብሎ ቁጭ። እናቱ በእግሯ ትምህርት ቤት ድረስ ትመጣለች። ይህን «ምት» የሚለው ቃል ከየት አባቱ ይሸከመዋል?

ሌላ አባል፦ «ስድ አደግ»ስ? አጭር ነው፤ ይጣፍጣል።

መልስ፦ ይጣፍጣል፣ ግን ስድብ ነው። ከልጁም አልፎ አሳዳጊውን ይነካል። «ጋጠወጥ»ም እንደዚያው። ትሩፎ በማንም ላይ አይፈርድም፤ እናትየዋ እንኳ ደግ የምትሆንበት ሰዓት አላት። ትሩፎን ራሱን ከጥፋት ያወጣው የፊልም ሃያሲው አንድሬ ባዛን ነው። ከወታደር ቤት ጠፍቶ ሲታሰር ያስፈታውም፣ በፊልም መጽሔቱ ላይ ሂስ ያስጻፈውም እሱ ነው። ባዛን በኅዳር 1958 ቀረጻው እንደተጀመረ ሞተ፤ ፊልሙም መታሰቢያነቱ ለእሱ ሆነ። በሃያሲነቱ ብዕሩ ኃይለኛ ስለነበር በዚያው ዓመት የካን ፊልም ፌስቲቫል በሩን የዘጋበት ትሩፎ፣ በዓመቱ እዚያው በምርጥ አዘጋጅነት ተሸለመ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ስድ አደግ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ሌላ አባል፦ «የማይሠራው ጉድ የለም» ይሁን፣ እስማማለሁ። የ1973ቱስ ፊልሙ? «የአሜሪካ ሌሊት» የሚለው።

መልስ፦ እሱ የሙያ ቃል ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ካሜራው ላይ ማጣሪያ አድርጎ፣ ሌሊት አስመስሎ መቅረጽ ማለት ነው። ፊልሙ ስለ ፊልም ሥራ ስለሆነ ርዕሱ ልክ ገብቷል፤ ኦስካርም አግኝቷል። እዚህ መሃል ቀረጻ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እናንተ ይህን አሠራር ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ጻፉልን።