ለሚያስመልሰው ልጄ ዶምፔሪዶን ልስጠው?

የሚኪ እናት፦ ሰላም እናቶች። ልጄ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ጠብቶ ሲጨርስ ያስመልሰዋል፣ አንዳንዴ በአፍንጫውም ይወጣል። ክብደቱ ግን እየጨመረ ነው። ጎረቤቴ ለልጇ ታዞ የተረፈ የዶምፔሪዶን ሽሮፕ ሰጠችኝ። ልሰጠው ስል አንዷ «እሱ ልብ ይጎዳል» አለችኝና ፈራሁ። እውነት ነው?

ፋርማሲስቷ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አዎ እውነት ነው፣ እባክሽ እንዳትሰጪው። ልብ ከአንድ ምት በኋላ ለሚቀጥለው የሚዘጋጅበት ጊዜ አለ፣ ዶምፔሪዶን ያንን ጊዜ ያረዝመዋል። በኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ምት በሚመዘግበው ምርመራ፣ ይታያል። በጣም ከረዘመ የልብ ምት ይዛባል። ብዙ ሕፃናት ምንም ሳይሆኑ ይወስዱታል፣ ችግሩ ግን የትኛው እንደሚጎዳ አስቀድሞ በዓይን አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ በትንሽ መጠን እንዲሰጥ ገድቦታል፤ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አልተፈቀደም። ከሱ በፊት ለሕፃናት ትውከት በሰፊው ይሰጥ የነበረው ሲሳፕራይድም በዚሁ የልብ ምት ችግር ሰው ስለሞተ ነው እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ ገበያ የወጣው። በተለይ ኤሪትሮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ወይም አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ሲወጣ ከሚታዘዘው ፍሉኮናዞል ጋር ከተሰጠ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ አደጋው የሚብሰው ያኔ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የኔም እንደዛ ነበር፣ ልብስ መቀየር ሥራዬ ሆኖ ነበር። ክብደቱ እየጨመረ ከሆነ ብዙ አትጨነቂ፣ አብዛኞቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ አስገሺው፣ ከዚያ ቀጥ አድርገሽ ትከሻሽ ላይ ያዢው። በሆዱ አስተኚው የሚሉሽን አትስሚ፣ ሲተኛ በጀርባው ነው።

የሚኪ እናት፦ ተባረኩ። ኦሜፕራዞልስ?

ፋርማሲስቷ፦ እሱ እንደ ዶምፔሪዶን ልብ ላይ አይታማም። ግን የጨጓራ አሲድ ነው የሚቀንሰው፣ ወተት መመለሱን አያቆምም፤ ልጁ ደህና ከሆነ ምን ያደርግለታል? አረንጓዴ ወይም ደም ያለው ካስመለሰ፣ ተፈናጥሮ ከወጣ፣ ካተኮሰው ወይም አልጠባም ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከሁለታችሁ ቤተሰብ ራሱን የሚስት ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ?

የሚኪ እናት፦ የአባቱ እህት ሮጥ ስትል ራሷን ትስታለች። የሚጥል በሽታ ነው ነበር የሚሉን።

ፋርማሲስቷ፦ እሷም ኢሲጂ ትነሳ። አንዳንዱ በዘር የሚተላለፍ የልብ ምት ችግር ልክ እንደዛ ነው የሚያደርገው። የሚኪንም ሐኪም ስታገኚ ሳትረሺ ንገሪው።